አባባ ያስተካከሉት ዘመን፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የቤት ኮምፒውተር ላይ ቪፒኤን ስንዘረጋ የገጠመን

ይህን ጉዳይ የምጽፈው በአንድ ከሰዓት ያልቃል ብዬ የጀመርኩት ሥራ ለሦስት ሳምንት ስላመላለሰኝ ነው። ሥራው ደብረ ብርሃን ያለን የቤት ኮምፒውተር አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ጋር በቪፒኤን፣ ማለት በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የተመሰጠረ መንገድ፣ ማገናኘት ነበር። ያስቸገረን ነገር ግን ቪፒኤኑ ውስጥ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ተገኘ። መመሪያዎቹ ሁሉ ይህን ተጫን፣ ያንን ሙላ ይላሉ፤ መጀመሪያ ቤቱን እይ የሚል አላየሁባቸውም። በእኛ አገር ቤት ውስጥ ደግሞ መመሪያ ጸሐፊዎቹ የማያውቁት ነገር አለ። ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፤ የማንንም ስም፣ የድርጅቱንም ስም አላነሳም።

ሁኔታው

ባለጉዳዬ የሂሳብ ባለሙያ ናት። አዲስ አበባ በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ዓመታት ሠርታለች። እናቷ ካረፉ በኋላ አባቷ ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ቀሩ። ግፊትም ስኳርም ስላለባቸው መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚሰጣቸው ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ወስዳ ልታኖራቸው ሞክራ ነበር፤ ከአንድ ወር በላይ አልቆዩላትም፤ ቤታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ናፈቁ። ስለዚህ እሷ መጣች። ድርጅቱም ከቤት ሆና መሥራት ከቻለች እንድትቀጥል፣ ካልቻለች ግን ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት።

ጊዜው ደግሞ ለሂሳብ ሰው ከባዱ ጊዜ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሂሳቡን ዘግቶ ግብሩን የሚያሳውቀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ነው። የወሩ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮም አይቆምም፤ ጡረታው ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ተሰልቶ መግባት አለበት። ሂሳቡ ያለው ቢሮው ውስጥ ፒችትሪ በሚባል የሂሳብ ፕሮግራም ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ደረሰኝ በሸኖና በሰንዳፋ በኩል በየጊዜው መመላለስ ደግሞ አባትን ጥሎ መዋል ማለት ነው።

የሄድኩት ቅዳሜ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። የሰኔ ጾም የተፈታበት ቀን ስለሆነ ቤቱ ወጥ ወጥ ይሸታል። አባቷ ባና ተከናንበው ከከሰሉ አጠገብ ተቀምጠዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በሐምሌ ቀትር ላይም ጣት ይደነዝዛል። "ና ልጄ፣ እሱ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ቅመስ" አሉኝ። በልቼ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣች ዴስክቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል።

ሦስት ቪፒኤኖች

ኮምፒውተሩን ስከፍተው ሦስት ነፃ የቪፒኤን ፕሮግራሞች ተራ በተራ ተነሡ። የጫናቸው የእህቷ ልጅ ነው። ቢሮው "ቪፒኤን ያስፈልግሻል" ሲላት ለልጁ ነገረችው፤ እሱም የሚያውቀውን ቪፒኤን ጫነላት። አልፈርድበትም። ብዙዎቻችን ቪፒኤን የሚለውን ቃል የለመድነው በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡበት ጊዜ ነው። ያኔ ቪፒኤን ማለት የተዘጋውን መክፈቻ ማለት ነበር።

የነፃውም የቢሮውም ቪፒኤን አሠራር አንድ ነው፤ ከኮምፒውተርህ የሚወጣው መረጃ ተመስጥሮ በኢንተርኔቱ ውስጥ አልፎ ሌላ ጫፍ ላይ ይፈታል። ልዩነቱ ያ ሌላው ጫፍ የት ነው የሚለው ነው። የነፃው ቪፒኤን ጫፍ ውጭ አገር፣ በማታውቀው ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው። የቢሮው ቪፒኤን ጫፍ እዚያው ቢሮው ውስጥ፣ በራውተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ከነፃዎቹ አንዱም፣ ሦስቱም ተደምረው፣ ቢሮዋ አያደርሷትም። ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው እየተነሡ የኢንተርኔቱን መንገድ ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። የሠራተኛ ደመወዝና የደንበኛ ዕዳ የያዘ ኮምፒውተር ባለቤቱ በማይታወቅ መስመር መረጃውን ሲያሳልፍ ማየት አልወድም። ሦስቱንም አስወግጄ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት።

ሁለት ሥላሴ

የቢሮው የኔትወርክ ባለሙያ ያዘጋጀው ኤልቱቲፒ የሚባለውን፣ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣውን ዓይነት ነው። የቢሮውን አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ የሚገኝበትን ቁጥር)፣ የጋራ ምስጢር ቃሉን፣ የሷን ስምና ፓስወርድ ሞላሁ። ስህተት ቁጥር 809 መጣ፤ ሰርቨሩ አይመልስም የሚል ነው። ባለሙያው ዘንድ ደወልኩ። ራውተራቸው ማይክሮቲክ ነው፤ ከፊቱ ደግሞ ሌላ ሞደም አለ። ዊንዶውስ እንዲህ ከሌላ ሞደም ጀርባ የተቀመጠን የኤልቱቲፒ ሰርቨር ካልነገሩት በስተቀር አይቀበልም። ዊንዶውስ ቅንብሩን በሚያስቀምጥበት ሬጂስትሪ ውስጥ ፖሊሲ ኤጀንት በሚባለው ሥር የሚገባ፣ ዋጋው 2 የሆነ አንድ መስመር አለ፤ እሱን ጨምሮ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ነው። እሱም በሞደሙ ላይ የዩዲፒ ፖርት (የመረጃ መግቢያ በር) 500ን እና 4500ን ወደ ራውተሩ አሳለፈ። ተገናኘ። እዚህ ላይ ቤት ውስጥ ቋሚ አይፒ እንደማያስፈልግ ልናገር፤ ደዋዩ ቤቱ ስለሆነ የሚደወልለት የቢሮው አድራሻ ቋሚ ከሆነ ይበቃል።

"ተገናኝቷል" የሚል ጽሑፍ ታየ፤ የቢሮው ኮምፒውተር ግን አይከፈትም። አድራሻው 192.168.1.10 ነው ተብያለሁ። ፒንግ ሳደርገው፣ ማለት አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ይመልሳል። የሌላን ኮምፒውተር ገጽ ከሩቅ በሚከፍተው በሪሞት ዴስክቶፕ ሳንኳኳው ዝም ይላል። ኮምፒውተሩ ካለ ለምን አይከፍትም? ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደው የቢሮው ፋየርዎል ነው ብዬ ባለሙያውን ለአርባ ደቂቃ ያህል አስቸገርኩት። በበዓል ቀን ነው፤ ትዕግሥቱን አመሰግናለሁ።

የነቃሁት የፒንጉን ጊዜ ሳይ ነው። በ3 ሚሊ ሰከንድ ይመልሳል። ወደ ቢሮው ራውተር የሚሄደው ደግሞ 30 አካባቢ ይፈጅ ነበር። ታዲያ ከራውተሩ ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ከራውተሩ እንዴት ይቀርባል? ቪፒኤኑን አቋረጥኩት፤ ፒንጉ መመለሱን ቀጠለ። የሚመልስልኝ አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር ሳይሆን ሳሎን የተቀመጠው የእህቷ ልጅ ስልክ ነበር! የቤቱ ሞደም 192.168.1.10ን ለእሱ ስልክ ሰጥቶታል።

ለእሷ እንዲህ ብዬ ነው የነገርኳት። ደብረ ብርሃን ላይ ባጃጅ ይዘሽ "ሥላሴ አድርሰኝ" ብትይው የት ያደርስሻል? እዚሁ ወዳለው ሥላሴ። አዲስ አበባም ቅድስት ሥላሴ አለ፤ ባለ ባጃጁ ግን አጠገቡ ያለውን ትቶ ወደዚያ አያስብም። የቤትሽ ሞደምም የቢሮሽ ራውተርም ለዕቃዎቻቸው የሚያድሉት አድራሻ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ነው። ስለዚህ ኮምፒውተርሽ 192.168.1.10 ሲባል "ይህማ እዚሁ ቤት ነው" ብሎ መረጃውን ወደ ዋሻው፣ ማለት ቪፒኤኑ ወደ ቢሮሽ ወደዘረጋው መንገድ፣ ሳያስገባ ቤት ውስጥ ይፈልገዋል።

አባቷ ይሰሙ ነበርና "እና ከሁለቱ የማንኛውን ስም ልትለውጥ ነው?" አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። በቢሮው ፕሪንተሩ፣ የበር ካሜራው፣ የሌሎቹም ኮምፒውተሮች አድራሻ ተተክሏል፤ እሱን መነካካት ለአንድ ሰው ሲሉ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ማወክ ነው። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ስልክና አንድ ቴሌቪዥን ነው። ወደ ሞደሙ ገብቼ የውስጥ አድራሻውን ከ192.168.1.1 ወደ 192.168.77.1 ቀየርኩት፤ የሚያድለውንም አድራሻ እንዲሁ። ሁሉም ዕቃ ጠፍቶ በአዲስ አድራሻ ተመለሰ። ለግል ኔትወርክ የተተወው የአድራሻ ክልል ሰፊ ሆኖ ሳለ ሞደም አምራቾች ሁሌ 192.168.0 ወይም 192.168.1 ላይ ስለሚረግጡ ይህ ግጭት በየቤቱ ያጋጥማል። ከቁጥሩ መካከል ማንም የማይመርጠውን መምረጥ ነው፤ 77 የተለየ ምስጢር የለውም።

ከዚያ በኋላ ሪሞት ዴስክቶፑ ተከፈተ። የቢሮዋ ኮምፒውተር ገጽ ሳሎኑ ውስጥ ሲታይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ፒችትሪን ለምን እቤት አልከፈትነውም

በመካከሉ የነበረ አንድ ክርክር አለ። እሷ የፈለገችው ፒችትሪን እዚሁ ጭና የቢሮውን የሂሳብ ፋይል በቪፒኤኑ በኩል ለመክፈት ነበር። ሞከርነው፤ አንድ የደንበኛ ዝርዝር እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ተጠጣ። እንዲህ ያለ የሂሳብ ፕሮግራም የተሠራው ፋይሉ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ በፈጣን ገመድ እንዲገኝ ታስቦ ነው። ለእያንዳንዷ መስመር ብዙ ጊዜ ይጠይቃል፤ ጽፎ ሳይጨርስ መስመር ከተቋረጠ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። የዓመት ሂሳብ እየተዘጋ ባለበት ሐምሌ ይህን አልደፍርም። በሪሞት ዴስክቶፕ ከሆነ ፕሮግራሙም ፋይሉም ቢሮ ይቀራሉ፤ በመስመሩ የሚያልፈው የስክሪኑ ምስልና የቁልፍ ሰሌዳው ምት ብቻ ነው። መብራት ቢሄድባት እንኳ የቢሮው ኮምፒውተር ካቆመችበት ይጠብቃታል። የቢሮው ኮምፒውተር ዊንዶውሱ ፕሮ መሆን አለበት፤ ሆም የሚባለው ለሌላ በሩን አይከፍትም። የቤቱ ግን ሆምም ቢሆን ይበቃዋል።

የቢሮው ባለሙያ እንግዲያውስ ቪፒኤኑን ትተን የሪሞት ዴስክቶፑን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ለኢንተርኔት እንክፈተው፣ ይቀላል ብሎ ነበር። አይሆንም አልኩት። ያን በር ቀን ከሌሊት የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ዓለሙን እየዞሩ ፓስወርድ ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ይፋ የሆነው ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ደግሞ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ ፓስወርድ እንኳ ሳያስፈልግ በዚያው በር የሚያስገባ ነበር። የሰው ደሞዝ የተጻፈበትን ኮምፒውተር ለአደባባይ አንገልጠውም። እሱም ነገሩን አይቶ ተስማማ።

ቁልፉ

ኤልቱቲፒው ሠራ፤ ቢሆንም የቤቱ መስመር ለአፍታ በተንገዳገደ ቁጥር ይቋረጥና እንደገና መደወል ያስፈልጋል። መስመሩ የማይነቃነቅ ሰው በዚህ ቢቀጥል ምንም አይደለም። ለእሷ ግን በቀን አሥር ጊዜ መደወል ሆነባት። የማይክሮቲኩ ሶፍትዌር ሰባተኛው ትውልድ ስለነበር ዋየርጋርድ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ቪፒኤን ይችላል። እሑድ ወደዚያ ተሻገርን። ዋየርጋርድ መደወል የሚባል ነገር የለውም፤ የሚላክ ሲኖር ይልካል፣ መስመሩ ጠፍቶ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አልኩ። ባለሙያው ሙሉውን ፋይል ከነምስጢር ቁልፉ አዘጋጅቶ በቴሌግራም ሊልክልን ነበር። ዋየርጋርድ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ምስጢር፣ አንዱ ለሌላው ወገን የሚሰጥ። ምስጢሩ ከተፈጠረበት ኮምፒውተር መውጣት የለበትም። በዊንዶውሱ ፕሮግራም ላይ ባዶ ዋሻ ጨምር የሚለውን ስትጫን ሁለቱንም እዚያው ይፈጥራቸዋል። የሚሰጠውን ብቻ ላክንለት፤ እሱም የራውተሩን የሚሰጥ ቁልፍ ላከልን። በዚህ መንገድ ቴሌግራሙን ሰው ቢያየው እንኳ የሚያገኘው የሚረባው ነገር የለም። የሚፈቀዱ አድራሻዎች በሚለው ቦታ የቢሮውን 192.168.1.0/24 ብቻ፣ ማለት በ192.168.1 የሚጀምሩትን አድራሻዎች ብቻ፣ ጻፍኩ። ሁሉንም ብለው ኖሮ ልጁ የሚያየው ዩቲዩብ ሳይቀር በቢሮው መስመር ዞሮ ይመጣ ነበር። በየ25 ሰከንዱ አንድ ምልክት እንዲልክ አደረግኩ፤ በመካከል ያሉት ሞደሞች መንገዱን እንዳይረሱት ነው። የድሮውን ኤልቱቲፒም ለክፉ ቀን ብዬ ሳልሰርዘው ተውኩት።

ዘጠኝ ቀን ያለ እንከን ሠራች።

ከነጎድጓዱ በኋላ

ሐምሌ 15 ለ16 አጥቢያ ትልቅ ነጎድጓድ ነበር፤ መብራት ሄዶ ጠዋት ላይ ተመለሰ። እሷም ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ አረንጓዴ ነው፣ ገብቷል ይላል፤ ግን ምንም አይከፍትም።"

የዋየርጋርድን ጠባይ ያላወቀ ሰው በዚህ ይታለላል። ዋሻው ተከፈተ ማለት የአንተ በር ተከፈተ ማለት ብቻ ነው፤ ማዶ ያለው ይመልስ አይመልስ ከዚያ አይታወቅም። መታየት ያለበት መጨረሻ የተጨባበጡበት ሰዓት (ሁለቱ ጫፎች ቁልፍ ተያይተው የተዋወቁበት) የሚለው መስመርና የተቀበለው መረጃ መጠን ነው። ማታ ሄጄ ሳይ የተላከው እየጨመረ፣ የተቀበለው ዜሮ ላይ ቆሟል። መዝገቡም መጨባበጡ በ5 ሰከንድ ውስጥ አልተፈጸመም፣ እንደገና እሞክራለሁ እያለ ይደጋግማል። ቢሮ ደወልን፤ ሌላ ሠራተኛ በዚያው ራውተር ከቤቱ ገብቶ ይሠራል። የድሮውን ኤልቱቲፒ ሞከርኩ፤ ሠራ። ስለዚህ መስመሩ ደህና፣ ራውተሩ ደህና፣ ሞደሙም ደህና ነው። የቀረው ቁልፉ ነው ብዬ ደመደምኩ። መብራቱ ሲሄድ ፋይሉ ተጎድቶ ይሆናል ብዬ አዲስ ቁልፍ ፈጠርኩ፤ ባለሙያው ራውተሩ ላይ ተካው፤ ወዲያው ሠራ። ምክንያቱን አገኘሁት ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያን ማታ ሁለት ነገር ነግራኝ አልሰማኋትም። "ቪፒኤኑ ከገባ ወዲህ ሌሎች ዌብሳይቶች አይከፍቱልኝም፤ ግንኙነትዎ ደህና አይደለም ይለኛል፤ በስልኬ ግን ይከፍታሉ" አለችኝ። ዋሻው የቢሮውን አድራሻ ብቻ ስለሚወስድ ከዌብሳይቶቹ ጋር ግንኙነት የለውም አልኳት። እሱ እውነት ነው። ግን ታዲያ ምንድነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ሁለተኛው ደግሞ "ከመብራት በኋላ ሁሌ እንዲህ ያመዋል" ማለቷ ነው። ሰው ስለ ዕቃው ሁሌ ሲል ቆም ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ያን ቀን ቆሜ ብሰማት ኖሮ የሚቀጥለው ሳምንት አይጠፋባትም ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ሐምሌ 22 እንደገና መብራት ሄደ፤ እንደገና ዋሻው ሞተ። በማግስቱ ሄድኩ። አዲስ ቁልፍ ልፈጥር እጄን ስዘረጋ ዓይኔ ስክሪኑ ታች፣ ቀኝ ጥግ ላይ አረፈ። ዓመቱ 2012 ይላል።

"ይህ ሰዓት ሁሌ እንዲህ ነው?" አልኳት።

"መብራት በሄደ ቁጥር ዘመኑ ይጠፋዋል። አባባ ናቸው የሚያስተካክሉት። ትናንት ደብረ ሲና ለቅሶ ሄደው ስላልተመለሱ ማንም አልነካውም።"

አባባ ማታ ሲመለሱ ጠየቅኳቸው። ባለፈው ሳምንት ምን ብለው እንዳስተካከሉት አስታወሱ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ስለሆኑ ነገር አይረሱም። "ከግድግዳው ካላንደር አይቼ ነው ልጄ፤ ዓመተ ምሕረቱን 2017 አልኩት። ሰዓቱንም በእጄ ሰዓት አስተያየሁት፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር፤ 3 አልኩት" አሉ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ባለፈው ሳምንት እዚያው ወንበር ላይ፣ እዚያው ስክሪን ፊት ተቀምጬ ያን 2017 አይቼዋለሁ። አይቼው ያለፍኩት ትክክል ስለነበረ ነው። ዓመቱ 2017 ነው! ግድግዳው ላይ 2017፣ ስልክ ተቀብዬ በጻፍኩበት ደብተር ላይ 2017፣ ኮምፒውተሩ ላይ 2017። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነውና ለእሱ ከስምንት ዓመት በፊት ወደነበረ ዘመን ተመልሷል። ሌላ አገር ያለ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ ገና ሲያየው ይደነግጥ ነበር፤ እኔን ግን የለመድኩት ቁጥር ዓይኔን ያዘኝ።

ዘመን ለምን መንገድ ይዘጋል

ዋየርጋርድ ሲጨባበጥ የላከበትን ቅጽበት በመልእክቱ ውስጥ ያስገባል። ማዶ ያለው ራውተር ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁልፍ መጨረሻ የተቀበለውን ቅጽበት ያስታውሳል፤ ከዚያ የማይበልጥ ቅጽበት ይዞ የመጣን መልእክት ምንም ሳይመልስ ይጥለዋል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥበቃ ነው። አንድ ሌባ ትናንት ያለፈውን መልእክት ቀድቶ ዛሬ መልሶ ቢልከው እንዳይገባ የተደረገ ነው። የእኛ ኮምፒውተር ሐምሌ 15 ድረስ እ.ኤ.አ. 2025 ይል ነበር። ሐምሌ 16 ግን 2017 እያለ መጣ። ራውተሩ አሮጌ መልእክት ነው ብሎ ጣለው። እኔ አዲስ ቁልፍ ስሰጠው ራውተሩ ስለ አዲሱ ቁልፍ የሚያስታውሰው ቅጽበት ስላልነበረው 2017ን ተቀበለ። ፈውሱ ይህ ነበር፤ ቁልፉ አልተጎዳም ነበር። ሐምሌ 22 ሰዓቱ ወደ 2012 ሲወድቅ ደግሞ ከ2017 ያነሰ ሆነና ተመልሶ ተጣለ። ኤልቱቲፒው በምስጢር ቃልና በፓስወርድ ስለሚሠራ ዘመን አይጠይቅም፤ ለዚህ ነው ያን ማታ ሠርቶ ይበልጥ ያሳሳተኝ።

ዌብሳይቶቹም በዚያው ምክንያት ነው የተዘጉባት። ዌብሳይት ማንነቱን የሚያሳይበት የምስክር ወረቀት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ይሰጣል። በ2025 የተሰጠ ወረቀት 2017 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር ገና ያልተወለደ ነው፤ አሳሹ አልቀበልም ይላል። በስልኳ መክፈታቸው ደግሞ ስልኩ ዘመኑን ከኔትወርኩ ስለሚወስድ ነው።

ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያስተካክል የለም ወይ የሚል ይኖራል። ያስተካክላል፤ ግን ድርጅታዊ ኔትወርክ ውስጥ ያልገባ ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ከ54,000 ሰከንድ፣ ማለት ከ15 ሰዓት፣ ከበለጠ ይህ ስህተት ሊሆን ይችላል ብሎ ይተወዋል። የስምንት ዓመት ልዩነት ከዚህ ወሰን እጅግ ይርቃል። ከሰዓቱም ጋር ያለ ችግር አለ። የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 21 ሰዓት ነው። ያለ ማታና ጠዋት 3 ብሎ መሙላት ሌላ 18 ሰዓት ይጨምርበታል።

ሥሩ ግን አባባ አልነበሩም። መብራት ሲሄድ ዘመኑን የሚጠብቅለት በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው፤ 3 ቮልት ትሰጣለች። ስለካት ከ3 ቮልት እጅግ ዝቅ ብላለች። ኮምፒውተሩ ከአዲስ አበባ ሲመጣም ዘመኑ ጠፍቶ ነበር፤ ያኔ የእህቷ ልጅ ከስልኩ አይቶ ስላስተካከለው እኔ ስመጣ ትክክል ሆኖ ጠበቀኝ። ልጁ ስልኩን አየ፣ አያቱ የግድግዳውን ካላንደር አዩ፤ ሁለቱም ያዩትን በትክክል ጻፉ።

ያደረግነው

ባትሪዋን ሰዓት ከሚጠግን ሱቅ ገዝቼ ቀየርኩ። ኮምፒውተሩ የእኛን የሰዓት ክልል ናይሮቢ በሚል ስም ከዩቲሲ (ከዓለም መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት ጨምሮ ነው የሚያውቀው፤ እሱን መረጥኩ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር በእጄ ሞላሁ፤ ከዚያ በራሱ እንዲያስተካክል ማብሪያውን ከፈትኩ፤ አሁን ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ ይቀበላል። ዋሻውን ስከፍተው ያለ አዲስ ቁልፍ ገባ፤ 2025 ከ2017 ስለሚበልጥ ራውተሩ የሚከለክልበት ምክንያት የለውም። አስቸጋሪው ተገላቢጦሹ ነው፤ ሰዓቱ በስህተት ወደፊት ሄዶ፣ 2030 ተብሎ አንድ ጊዜ ከተገናኘ፣ ከተስተካከለ በኋላ ትክክለኛው ዘመን አሮጌ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ወይ ቁልፉን መቀየር ወይ ራውተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩንና ሞደሙን ከአንድ ዩፒኤስ ላይ አደረግናቸው። መብራት ሲሄድ የያዘችውን መዝግባ በወጉ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣታል። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን የሞደሙን ገመድ ጭምር ንቀይው አልኳት፤ መብረቅ በስልክ ገመድም ይመጣል።

አሁን ወደ ማንኛውም ቤት ለቪፒኤን ስጠራ ምንም ከመጫኔ በፊት የማደርጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የቤቱን አድራሻ ከቢሮው አድራሻ ጋር አስተያያለሁ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ዘመን፣ በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ፣ ከስልኬ ጋር አስተያያለሁ፤ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬም አንድ ጊዜ አስነሣዋለሁ።

አባባ አዝነው ነበር። "ልጄን ከሥራ ያስተጓጎልኳት እኔ ነኝ ማለት ነው?" አሉኝ። አይደለም አልኳቸው፤ እርስዎ የጻፉት ዘመን ትክክለኛ ነው፣ ባትሪዋ ናት የከዳችን። ከዚያም ካርቶን ቀደዱና በጥሩ የመምህር እጅ ጽሕፈት ሁለት መስመር ጻፉ፤ ከላይ "ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም."፣ ከሥር "ለኮምፒውተር፦ ጁላይ 30 ቀን 2025"። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፉት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሌላ ጉዳይ ጎራ ስል እሷ የቢሮዋን ሂሳብ ከፍታ ትሠራለች፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን ደግሞ የዚያን ዕለቱ ነበር።